ይህ በር እንዴት ተከፈተ?



ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባችን፣ ቡናው ሲቀርብ፣ አንዲት አዲስ አባል ወደ ጥግ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንቺ ልጅ የሚያገኘውን እርዳታ ለኔም ልጅ እንዴት ላገኝለት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅዋ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ገና አልተናገረም። ሰው እንዳይሰማት ዙሪያዋን ታያለች። እኔም በችኮላ ሁለት ስልክ ቁጥር ጽፌ ሰጠኋትና ወደየወንበራችን ተመለስን።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ቆጨኝ። ስልክ ቁጥር ብቻውን በር አይከፍትም። እኔ ራሴ ስልክ ቁጥሩ በእጄ እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ የቆምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ለእሷ በጥግ መናገር የነበረብኝን ለሁላችሁም በግልጽ ልጽፈው አሰብኩ። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎት ከየት መጣ? ማን አመጣው? ይህን ስናውቅ እንዴት እንደሚጠየቅም እናውቃለን ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ደህና ነው» ያልኩበት ቀን

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሐኪሙ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላከን። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ከሥራ ቀርቼ፣ ትልቋን ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ይዣት ሄድኩ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የምታስተረጉምልኝ እሷ ነበረች። አስተርጓሚ ማግኘት እንደምችል የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሠራተኛዋ ረዥም ቅጽ ይዛ ትጠይቀኛለች። «ራሱ ይለብሳል?» «አዎ፣ ይለብሳል።» ጠዋት ጠዋት ሱሪውን የማስገባለት፣ ቁልፉን የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ክንዱን ሲዘረጋልኝ ለኔ ለበሰ ማለት ነው። «ራሱ ይበላል?» «ይበላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» የማጎርሰው እኔ ነኝ፤ በእኛ አገር ልጅን ማጉረስ ምን ነውር አለው? «ሌሊት ይተኛል?» «ደህና ነው።» ተነስቶ በር ከፍቶ እንዳይወጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ሥር ወለል ላይ ነበር የምተኛው። ልጄም ብትሆን ወንድሟን በሰው ፊት ማሳጣት አልፈለገችም። እኔ ትንሽ እውነት ሳወጣ እንኳ እሷ አለዝባ ታስተረጉመው እንደነበር የነገረችኝ ካደገች በኋላ ነው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። ልጄ ለአገልግሎቱ ብቁ ሆኖ አልተገኘም ይላል። ተናደድኩ፤ ጥቁርና ስደተኛ ስለሆንን ነው አልኩ። ከዚያ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ዝም አልኩ። «ዝም አይነቅዝም» አይደል የሚባለው?

ሁለት ዓመት ቆይቶ ያን ደብዳቤ ያነበቡልኝ አንዲት የማኅበራችን እትዬ ናቸው። በግሩፕ ሆም ለብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። በመነጽራቸው በኩል ሁለተኛውን ገጽ ደጋግመው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እነሱ ምን ያድርጉ? ደህና ነው ያልሻቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ይግባኝ የምትይበትም ቀን እዚሁ ተጽፏል፤ ቀኑ ግን አልፏል። በይ እንደገና እንጀምር» አሉ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ኋላ እኔም ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ በልጆቼም እርዳታ እያነበብኩ ጨመርኩበት።

ከትምህርት ቤት የወጡት ልጆች

በ1971 በዋሽንግተን ከተማ ሐበሻ ማለት ጥቂት ተማሪዎችና የኤምባሲ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ የአካል፣ የአእምሮ ወይም የጠባይ ችግር ያለበት ልጅ ትምህርት ቤቱ «አንችለውም» ካለ፣ በቃ፣ ቤቱ ይቀመጣል። ለእናቱ የሚሰጣት ወረቀት የለም፤ ቀጠሮ የለም፤ የሚሰማት ዳኛ የለም።

በዚያ ዓመት የሰባት ልጆች ቤተሰቦችና ጠበቆች የከተማዋን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። ሰባቱም ጥቁሮች ነበሩ። መዝገቡ የተሰየመው በአንደኛው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሆነው በፒተር ሚልስ ነው። ልጁ ከአራተኛ ክፍል የወጣው «አስቸጋሪ ጠባይ አለው» ተብሎ ነበር። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግምት እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። በከተማዋ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው 22,000 ያህል ልጆች ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ እስከ 18,000 የሚደርሱት የሚገባቸውን ትምህርት አያገኙም ነበር።

ቦርዱ ጥፋቱን አልካደም። «ገንዘብ የለንም» ነው ያለው። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ በነሐሴ 1972 ፍርዱን ሰጡ። የፍርዱ መንፈስ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ያለውን አከፋፍሉ፤ ጎዶሎው ግን በእነዚህ ልጆች ላይ ብቻ ሊወድቅ አይችልም። ዳኛው በዚህ አላበቁም። ከእንግዲህ ልጅን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ወይም ለማዛወር ለወላጅ በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ሆነ፤ ወላጅም ቀርቦ የመሰማት መብት አገኘ።

ዛሬ ትምህርት ቤት ጠርቶን «ይህን ፈርሙ» ሲለን፣ ፊርማ የሚጠየቅበት ምክንያት ይህ ነው። ያ ወረቀት የእኛን ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ነው። ስንቶቻችን ነን ግን ሳናነበው የምንፈርመው?

ከዚህ ፍርድና በፔንስልቬንያ ከተገኘው ተመሳሳይ ውሳኔ በኋላ፣ በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ ለመላው አገሪቱ የሚሆነውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ማንኛውም አካል ጉዳተኛ ልጅ በነፃ፣ ለእሱ በሚስማማ መንገድ እንዲማር ያዛል። የልጁም ምዘና በሚናገረው ቋንቋ እንዲሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። በቤት በአማርኛ ብቻ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ተጠይቆ «አላወቀም» ሲባል ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ፎረስት ሄቨን

እትዬ በሠሩበት ግሩፕ ሆም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እራት ሲበሉ ዳቦ ሰርቀው ትራስ ሥር ይሸሽጋሉ። ማንም አይከለክላቸውም፤ ዳቦው ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ሁልጊዜ ይሸሽጋሉ። እትዬ ነገሩ ገርሟቸው ሲጠይቁ፣ «እሱ እኮ ከፎረስት ሄቨን የመጣ ነው» ተባሉ።

ፎረስት ሄቨን በ1925 የተከፈተ፣ በሜሪላንድ ሎረል የሚገኝ የዋሽንግተን ከተማ ተቋም ነበር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው የተባሉ ልጆችና አዋቂዎች ከቤተሰብ ተለይተው የሚኖሩበት ቦታ ነው። ሲጀመር እርሻና አውደ ጥናት የነበረው፣ ሰዎቹም ሥራ የሚማሩበት፣ በጎ የታሰበበት ቦታ ነበር። እየቆየ ግን ሰው በዛበት፤ ገንዘቡና ሠራተኛው አነሰ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የኖረበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚዘገንን ነው፤ ድብደባ፣ ራቁትነት፣ ቸልተኝነት። ተኝተው ሲመገቡ ምግብ ወደ ሳንባቸው እየገባ የሞቱ ብዙ ናቸው። ብዙዎቹም በግቢው ውስጥ ተቀብረዋል፤ ለረዥም ጊዜ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልነበራቸውም።

በ1976 ቤተሰቦች ከተማዋን ከሰሱ። መዝገቡ የተሰየመው በአንዲት ነዋሪ ልጅ፣ በጆይ ኢቫንስ ስም ነው። በ1978 ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ ከተቋሙ ወጥተው በከተማው ውስጥ፣ በተራ ሰፈር፣ በትናንሽ ቤቶች እንዲኖሩ ወሰነ። ተቋሙ የተዘጋው ግን በጥቅምት 1991 ነው። ጆይ ኢቫንስ ሲዘጋ ሳታይ ነው ያረፈችው። ክሱም ያኔ አላለቀም፤ ከተማዋ የገባችውን ቃል ፈጽማለች ተብሎ መዝገቡ የተዘጋው በ2017 ነው። አርባ ዓመት ማለት ነው።

እህቶቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በግሩፕ ሆም የምንሠራው? የሌላውን ልጅ አጥበን፣ አልብሰን፣ መድኃኒት ሰጥተን፣ ለእያንዳንዷ ነገር በመዝገብ ፈርመን እንወጣለን። ያ የሥራ ቦታ የተገኘው ከፎረስት ሄቨን ፍርስራሽ ነው፤ የእነዚያ ቤተሰቦች ክስ ነው እንጀራችን የሆነው። የራሳችንን ልጅ ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባዋለን። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ሕግ ቢጻፍም

ሕግ ስለተጻፈ ብቻ ሥራ ላይ አይውልም። በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን እንዳይለይ ከልክሏል። ነገር ግን ደንቡ ሳይፈረም ዓመታት አለፉ። በሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞች ራሳቸው በየከተማው ወደ መንግሥት ሕንፃዎች ገቡ። እዚህ ዋሽንግተን የገቡት ምግብና ስልክ ስለተከለከሉ ከአንድ ቀን በላይ መቆየት አልቻሉም። በሳን ፍራንሲስኮ የገቡት ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ከእነሱ መካከል በዊልቸር የሚሄዱ፣ ዐይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ያለ ሰው እርዳታ ከወንበር መነሳት የማይችሉ ሁሉ ወለል ላይ አደሩ። ትኩስ ምግብ እያመላለሰ የመገባቸው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ነበር። ደንቡም በሚያዝያ 28 ተፈረመ።

አንዲት የአይዋ እናት

አሁን ደግሞ ከዋሽንግተን ወጥተን ወደ አይዋ ግዛት እንሂድ፤ ምክንያቱም ዛሬ ብዙዎቻችን በፍርሃት የምንጠይቀው ጥያቄ መልሱ የተገኘው እዚያ ነው። ጥያቄው፣ «እኔና ባለቤቴ ስለምንሠራ ለልጄ ሜዲኬይድ አይሰጡም አይደል?» የሚል ነው።

ጁሊ ቤኬት በሴዳር ራፒድስ ከተማ የምትኖር መምህርት ነበረች። ልጅዋ ኬቲ በ1978 ተወለደች፤ ጥቂት ወራት እንደሞላት አንጎልን የሚያጠቃ በሽታ ያዛትና ያለ መሣሪያ መተንፈስ አቃታት። ከዚያ ወዲህ የምታውቀው ቤት ሆስፒታል ብቻ ሆነ። ቆይቶ ሐኪሞቹ እቤትዋ ሆና መታከም ትችላለች አሉ። የቤቱ ሕክምና ደግሞ ከሆስፒታሉ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ሕጉ ግን ሌላ ነበር። ልጅቷ ሆስፒታል እስከተኛች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍላል። እቤት ከገባች የወላጆቿ ደመወዝ ስለሚቆጠር ይቋረጣል። ልጅን እቤት ማሳደግ ቅጣት ያስከትል ነበር ማለት ነው።

ጁሊ ዝም አላለችም፤ ጻፈች፣ ደወለች፣ የምክር ቤት አባሏን አስጨነቀች። ነገሩ እስከ ፕሬዚዳንት ሬገን ደረሰ። በኅዳር 1981 በጋዜጠኞች ፊት የዚህችን ልጅ ጉዳይ አንስተው ተናገሩ፤ ኬቲም ገና ከመድረሱ በፊት እቤትዋ ገባች። በ1982 ደግሞ ግዛቶች ከባድ ጉዳት ላለበት ልጅ የወላጅን ገቢ ሳይቆጥሩ ሜዲኬይድ እንዲሰጡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። እስከ ዛሬ «ኬቲ ቤኬት» እየተባለ በስሟ ይጠራል፤ በዲሲም አለ። «ዌይቨር» የምንለውም፣ ማለትም ሰው ተቋም ሳይገባ እቤቱ ወይም ሰፈሩ ሆኖ በሜዲኬይድ እንዲረዳ የሚያደርገው ፈቃድ፣ በ1981 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። ኬቲ አድጋ፣ ለሌሎች ስትሟገት ኖራ በ2012 አረፈች።

በ1999 ደግሞ ከጆርጂያ የመጣ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች ሐኪሞቻቸው «ከሆስፒታል ወጥተው መኖር ይችላሉ» ካሉ በኋላም ዓመታት እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሎይስ እየደጋገመች ወደ ሕግ እርዳታ ቢሮ ትደውል ነበር፤ የምትለውም «መቼ ነው የምወጣው?» ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰው ያለ አግባብ በተቋም መያዙ ራሱ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። በየጊዜው ያለመሰልቸት የደወለች አንዲት ሴት የአገሪቱን ሕግ አስቀየረች።

አማርኛም ተጻፈ

የእኛ ሰዎች በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ቁጥራችን ጨመረ፤ በኋላም ዲቪው መጣ። ስንመጣ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነገር ነበር፤ ጸበል፣ ጸሎት፣ የዘመድ ፍቅር። እነዚህ አይናቁም፤ እኔም ልጄን ጸበል አስጠምቄዋለሁ። ነገር ግን «የእርግማን ልጅ» የሚለው ቃልም አብሮን መጥቷል።

ያን ቃል በአደባባይ የተጋፈጠች የአገራችን ሴት አለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሜሪካ ኖረው ተመልሰው፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጡ። በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ እንዲህ ነው እያሉ በይፋ ተናገሩ። እሳቸው በ2021 ቢያርፉም፣ ብዙ እናት «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማችው ከእሳቸው አንደበት ነው። ልብ በሉ፤ ልጅን የሚቀበል ትምህርት ቤት ማጣት የፒተር ሚልስ ታሪክም ነበር።

እዚህ ዲሲ ደግሞ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወጣ። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ብዙ ተናጋሪ ላላቸው ቋንቋዎችም ዋና ዋና ወረቀቶችን እንዲተረጉሙ ያዛል። ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ከተከለከልን አቤቱታ የምናቀርበው ለከተማዋ የሰብዓዊ መብት ቢሮ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን ይዤ በሄድኩበት ቀን ይህ ሕግ ነበር። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ በር የተከፈተው አንድ ሰው የጎደለውን ነገር በትክክል ተናግሮ፣ በጽሑፍ አስፍሮ፣ «የለም» ሲባል ስላልተመለሰ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ማመልከት ማለትም ይኸው ነው።

ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው በዲሲ «ስትሮንግ ስታርት» የሚባለው የቅድመ ልጅነት ፕሮግራም ዘንድ ይደወላል። የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እናት ራሷ ልታስመዘግብ ትችላለች። ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ምዘናውና የመጀመሪያው የእቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ሦስት ዓመት ሲሞላው ተራው የትምህርት ሥርዓቱ ነው። ገና ትምህርት ያልጀመረ ትንሽ ልጅ «ኧርሊ ስቴጅስ» በሚባለው ክፍል ይመዘናል። ትምህርት ቤት የገባ ከሆነ ደግሞ «ልጄ ለልዩ ትምህርት እንዲመዘን እጠይቃለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ይጻፋል። ቀን ይኑርበት፤ ግልባጩን አስቀሩ። በአማርኛ ቢጻፍም ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጅ በዚህ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከል አይችልም ብሎ ወስኗል። ሜዲኬይድና ኤስ.ኤስ.አይ. ግን የፈቃዱን ዓይነት ያያሉ፤ ከማመልከታችሁ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ጠይቁ።

ኤስ.ኤስ.አይ.ን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሳለ የወላጅ ገቢ ይቆጠራል፤ 18 ከሞላው በኋላ ግን አይቆጠርም። በልጅነቱ ተከልክሎ የነበረ ልጅ 18 ሲሞላው እንደገና ማመልከት ይችላል ማለት ነው። አቅመ አዳም ሲደርስ ደግሞ በዲሲ የአካል ጉዳት አገልግሎት መምሪያ አለ፤ በ2007 የተቋቋመ ነው። ለመኖሪያ፣ ለቀን ውሎ፣ ለቤት ውስጥ እርዳታ፣ ሥራ ለመፈለግም በዚያው በኩል ይጠየቃል። ማመልከቻው ሲቀርብ የሚፈለገው ዋና ነገር ችግሩ በልጅነት እንደጀመረ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የድሮ የሐኪም ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ምዘና፣ የሥነ ልቦና ምርመራ ውጤት አይጣል። ከአገር ቤት የመጣም ካለ ይተርጎምና ይያያዝ። እኔ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ክላሰር ገዝቻለሁ፤ ሁሉም ነገር በቀኑ ቅደም ተከተል እዚያ ውስጥ ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በሜሪላንድ የሚጠየቀው የግዛቱ የዕድገት ውስንነት አስተዳደር ነው፤ በቨርጂኒያ ደግሞ በየካውንቲው ያለው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርድ ነው። በሁለቱም ግዛቶች የአዋቂዎችን አገልግሎት ለማግኘት ወረፋ አለ። ወረፋው ግን እንደ ዳቦ ሰልፍ በመምጣት ቅደም ተከተል ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ ችግሩ የጠናበት ይቀድማል። ስለዚህ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያለች እናት መጨረሻ ላይ ትቆማለች። ሁኔታው ሲብስ፣ ለምሳሌ እናት ስትታመም ወይም አባት ሲሞት፣ ወዲያው ደውሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ቤት ስትቀይሩ ወረፋው አብሮ አይሄድም፤ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ለምዘናው ቀን እትዬ ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ። ከቀጠሮው በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት በደብተር ጻፉ። ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳ? ማን አለበሰው? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ስንት ጊዜ ከቤት ሊወጣ ሞከረ? የሚጠየቀው «በመልካሙ ቀን ምን ይችላል?» ሳይሆን «ያለ ሰው እርዳታ በየቀኑ ምን ይሠራል?» ነው። ይህን መናገር ልጅን ማማት አይደለም። ልጄን ከምስጋና ጋር እወደዋለሁ፤ ለምስጋናው ቤተ ክርስቲያን አለልኝ፤ ቅጹ ላይ ግን እውነቱ ይጻፍ። አስተርጓሚ ደግሞ ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን ከዚህ ሸክም አውጧቸው።

ከተከለከላችሁ ደብዳቤውን መሳቢያ አትክተቱት። በላዩ ላይ የይግባኝ ቀን አለ፤ ለኤስ.ኤስ.አይ. 60 ቀን ነው። ብቻችሁን አትሁኑ። ከ1975ቱ ሌላ ሕግ ወዲህ በየግዛቱ ለአካል ጉዳተኞች በነፃ የሚሟገት ድርጅት እንዲኖር ተደርጓል፤ በዲሲ ያለው «ዲሳቢሊቲ ራይትስ ዲሲ» ይባላል። በኢቫንስ ክስ ስምምነት በ2001 የተመሠረተው «ኳሊቲ ትረስት»ም ቤተሰቦችን ይረዳል። ለትምህርት ቤት ጉዳይ ደግሞ «አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን» ወላጆችን ያሠለጥናል።

እኔና እትዬ እንደገና ስናመለክት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። አስተርጓሚዋ የጎንደር ልጅ ነበረች። «ራሱ ይለብሳል?» ስባል፣ «አይለብስም፤ እኔ ነኝ የማለብሰው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል» አልኩ። እንዲህ ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እንባዬም መጣ። ልጄን በሰው ፊት አሳልፌ የሰጠሁት መሰለኝ። በዚያ ዓመት ግን ቤታችን በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት የምትረዳን ሴት መጣች፤ እኔም ከስንት ዓመት በኋላ አልጋዬ ላይ ተኛሁ። ልጄ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሸሚዙን ራሱ ይለብሳል፤ ቁልፉ ላይ ብቻ ይጠራኛል።

ለዚያች እህቴ፣ ጥግ ላይ ለጠየቅሽኝ፦ ሚስጥርሽን አላወጣሁም፤ እንዳንቺ ያሉ ከመካከላችን ብዙ ናቸውና ማንም አይለይሽም። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ። እኔ ክላሰሬን አመጣለሁ፤ እትዬም መነጽራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሌላም የምትፈልግ ካለች ወንበር አለ። ጥግ መሄድ አያስፈልገንም፤ መሃል ጠረጴዛው ላይ እንቀመጥ።

ሰላም ሁኑልኝ።